ጎልን እንደ ሥጋ የመደበው ዳኛ

እነዚያን የሥጋ መደቦች ተመልከት። የጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በሬ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ብልት በብልት ተለያይቶ በኮባ ቅጠል ላይ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ መደብ ላይ ከጉበቱም አለ፣ ከሻኛውም አለ፣ ከጎድኑም ከጨጓራውም አለ። ከዚህ አንሥተህ እዚያ ጨምር ብትባል እጅህን የምትሰድበት ታጣለህ። አሁን ደግሞ በመደቦቹ መካከል ቢላውን እየወለወለ የሚንጎራደደውን ሰው ተመልከት። አንጁሎ ባዳቾ ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት ሶዶ ውስጥ ለዓመት በዓል ሥጋ የበላ ሰው፣ ወላይታውም ጉራጌውም፣ አንድ ቀን ከዚህ ሰው ቢላ ሥር ድርሻውን ወስዷል። ስለ ግራዝማቾችና ስለ ፊታውራሪዎች ሲጻፍ የኖረው ይበቃል። እኔ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ትሑት ሰው ነበር ብዬ አልዋሽህም። ጉረኛ ነበር። ቢላውን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ አባቱ ባዳቾም ከአባቱ። በእኛ አገር የጊፋታ በሬ ዝም ብሎ አይታረድም። ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማል፤ በዓሉ ሲደርስ አንድ ላይ ገዝቶ፣ አንድ ላይ አርዶ ይካፈላል። መዳቢው ሥራውን ሲጨርስ ጀርባውን ያዞራል። ከዚያ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የቡና ፍሬ፣ አንዱ ስንጥር ይሰጣል፤ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ጠጠርህ ያረፈበት ያንተ ነው። አንጁሎ እዚህ ላይ ሲደርስ ደረቱን ይነፋና፣ "ዕጣው ለወጉ ነው። እኔ ከመደብኩት ወዲያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንሡ" ይል ነበር። ሰው ይስቅበታል፤ ስቆም ያነሣል። ተከፍቶ የሄደ ግን አልነበረም። ልብ በል፤ ይህ ሰው የሚኮራበት መሬት የለውም፣ የሚኮራበት ማዕረግ የለውም። ያቺ ቢላ ብቻ ናት ያለችው።

ወደ ኳሱ እንምጣ።

ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ሁለት ቡድን ነበር። ላይ ሰፈር፣ ከተራራው ሥር፣ ዳሞታ፤ አስተማሪዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቹ፣ ከገጠር መጥተው የሚማሩት ሁሉ የዳሞታ ነበሩ። ታች ሰፈር፣ ከገበያው ዙሪያ፣ ጮራ፤ ነጋዴዎቹና የጽሕፈት ቤት ሰዎች የዚህ ነበሩ። ኳሱ አንድ ነበር፤ የውስጥ ጎማው፣ ከመነዳሪው፣ ስንቴ እንደተጣፈ የሚያውቅ የለም። ጫማ ያለው ተጫዋችም ጥቂት ነበር። ጥላቻው ግን ሙሉ ነበር፤ ምንም አልጎደለውም።

የጮራ ቲፎዞዎች ከበሮ ይዘው ይመጡና እንዲህ ይላሉ፦

የዳሞታ ጉም፣ የዳሞታ ጉም፣
ጮራ ሲወጣ አንዴም አይቆም።

ከማዶ ደግሞ መልሱ ይመጣል፦

ጮራ ምን ቢደምቅ ጠዋት ለጊዜው፣
የዳሞታ ዝናብ ከሰዓት ነው ፈጂው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፤ ማን ይጠላል። ነገር ግን ጉዳዩ ከሜዳው ወጣ። ጮራ ባሸነፈ ማግስት የላይ ሰፈር ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ገበያ ይወርዱና፣ ለታች ሰፈር ሰው አንሸጥም ብለው ይዘውት ይመለሳሉ። ዳሞታ ያሸነፈ እንደሆነ የታች ሰፈር የጨርቅ ነጋዴዎች ለላይ ሰፈር ሰው አቡጀዲ ሲለኩ ክንዳቸው ያጥራል። አብረው በሬ ሲያርዱ የኖሩ ጎረቤታሞች ተለያዩ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ዳሞታው በአንድ ወገን፣ ጮራው በሌላ ወገን ይቀመጥ ጀመር። ሬሳ መካከል አስቀምጦ ስለ ኳስ የሚኮራረፍ ሕዝብ አይቻለሁ። ለአንዲት የተጣፈች ኳስ።

ዳኛ ጠፋ። አስተማሪ ቢያጫውት ጮራ አይቀበልም፤ የጽሕፈት ቤት ሰው ቢያጫውት ዳሞታ አይቀበልም። አንድ ጊዜ ወደ ሁምቦ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ለምነው አጫወተ። ጨዋታው ሲያልቅ የመኪናው መስተዋት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ኳስ ባለበት ዕለት ሶዶ ላይ ሞተር የሚያጠፋ ሾፌር የለም ተባለ።

በዚያ ክረምት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ግራዝማች ወልደጊዮርጊስ ዋንጫ አመጡ። ሜዳው የእሳቸው መሬት ነው፤ ጮራም የእሳቸው ቡድን ነው ማለት ይቻላል። እሳቸው የምለው አፌ ስለለመደ ነው። ዋንጫው ለጮራ እንዲሰጥ ታስቦ የመጣ ነበር፤ ግን ዝም ብሎ መስጠት አያምርምና ጨዋታ አስፈለገ። የሁለቱ ቡድን አለቆች ዳኛ ለመምረጥ ተቀመጡ። የዳሞታው መምህር ቶማ ነው፤ ቀጭን፣ ጠጅም ቦርዴም የማይቀምስ፣ ቃል ሲያወጣ መዝኖ የሚያወጣ ሰው። የጮራው ኤርሳዶ ነው፤ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በጨርቅ ንግድ ሱቅ የከፈተ፣ ሳቁ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ። አንዱ ስም ሲያነሣ ሌላው ሲጥል ዋሉ። መጨረሻ ላይ ኤርሳዶ ሰልችቶት፣ ከአንጁሎ ቢላ በቀር ሁላችን ያመንነው ነገር በዚህ ከተማ የለም አለ። ለቀልድ ነበር ያለው። ማንም አልሳቀም። ቶማ ጥቂት አሰበና፣ ሥጋን እኩል የሚያይ ዓይን ኳስንም እኩል ያያል ብሎ ተስማማ።

ስህተቱ እዚያ ተፀነሰ።

አንጁሎ ኳስ በእግሩ ነክቶ አያውቅም። ሲነግሩት ግን አልደነገጠም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ምን አስቆያችሁ ብሎ ተኮፈሰ። ቶማ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሕጉን አስረዳው። በእጅ አይነካም፣ ከኋላ አይጠለፍም፣ ጎል አፍ ላይ ጥፋት ከተሠራ ሪጎሬ ነው፤ የዛሬ ልጆች ፔናሊቲ የምትሉት። አንጁሎ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ ከሁሉ ዋናው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ዋናው አለማዳላት ነው አለው ቶማ።

"እሱንማ ለኔ ተወው" አለ አንጁሎ።

ዕለቱ ደረሰ። ግራዝማች ከዣንጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንጁሎ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ፊሽካውን በቃጫ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። መጀመሪያ ላይ መልካም አጫወተ። ከዕረፍት በፊት ዳሞታ ንጹሕ ጎል አገባ፤ ነፋና ወደ መሀል ጠቆመ። ከዚያ በኋላ ግን ፊቱ ተለወጠ። አንዴ ወደ ዳሞታ ያያል፣ አንዴ ወደ ጮራ ያያል፤ አንዱ መደብ በዝቶበት ከየትኛው ብልት ላንሣ እንደሚል ሰው። ዳሞታ አንድ አለው። ጮራ ምንም የለውም። ለእሱ ይህ የተበላሸ አመዳደብ ነበር።

ከዕረፍት በኋላ የጮራ አጥቂ ኳስ ሲያባርር ጭቃው አንሸራተተውና ወደቀ። ማንም አልነካውም። አንጁሎ ነፍቶ ሪጎሬ ሰጠ። ጮራ አገባ፤ ታች ሰፈር ጨፈረ፤ የአንጁሎ ፊት በራ። ላይ ሰፈር ግን ሜዳ ሊገባ ተነሣ። ዳሞታ እንደተከፋ ሲያይ ለዳሞታም አንድ ሪጎሬ ሰጠ። የጮራ በረኛ ምን አጠፋን ብሎ ቢጠይቀው፣ ለእናንተም ሰጥቻለሁ አለው። ዳሞታ አገባ። መደቡ እንደገና ተዛባ። ለጮራ ሌላ ሰጠ። ሁለት ለሁለት ሲሆን ዝናቡ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን ሸፈነው፤ አንጁሎም ፊሽካውን ረዘም አድርጎ ነፋ። ሁለቱን አምበሎች ወደ መሀል ጠርቶ መዳፉን ዘረጋላቸው።

"ሁለቱም መደብ እኩል ነው" አለ። "አሁን ጠጠራችሁን ስጡኝ፤ ለዋንጫው ዕጣ ይጣል።"

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ዳሞታና ጮራ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የሳቁት ያን ዕለት ነው። ዝናብ እየወረደባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንጁሎ መዳፉን እንደዘረጋ መሀል ሜዳ ቆሞ ቀረ።

ከሳቁ በኋላ መርዙ መጣ። ገበያ ላይ አንዱ፣ ኳሱን እንዲህ ካደረገው ሥጋውንስ እንዴት ሲያደርገው ኖሯል ብሎ ጠየቀ። ሌላው አምና የደረሰው መደብ ሻኛው ያነሰ መስሎት እንደነበር ትዝ አለው። ያልነበረ ነገር ትዝ ሲል እንዴት ይፈጥናል! ወሬው በዴሳ ደረሰ፣ ቦምቤ ደረሰ። ያልተገባውን ሪጎሬ ሲያገኝ የጨፈረው ሰው ነው በማግስቱ አንጁሎ አዳላ ያለው። ይህን አልረሳም። በሬ የሚገዙት ማኅበሮች አንድ በአንድ ለጊፋታው ሌላ መዳቢ ያዙ። ለራሱ ለመንገር ግን ወንድ ጠፋ፤ ለሚስቱ ለአገርነሽ ገበያ ላይ ነገሯት። እሷም ቤት ገብታ ቅርጫቷን እንኳ ሳታወርድ፣

"ዘንድሮ ቢላህን በመሳል እንዳትደክም ብለውሃል" አለችው።

አንጁሎ በቀጥታ ወደ ቶማ ቤት ሄደ። እንደ ተናደደ በሬ በአፍንጫው እየተነፈሰ ነው የገባው።

"አታዳላ አልከኝ፤ አላዳላሁም። ማንን በደልሁ?"

ቶማ ወንበር ቢሰጠውም አንጁሎ አልተቀመጠም። "ጋሽ አንጁሎ፣ ጎል ሥጋ አይደለም። አይመደብም። ያገባ አገባ" አለው።

"ያላገባውስ ምን ይዞ ቤቱ ይገባል?"

"ሽንፈቱን ይዞ ይገባል። እሱም ድርሻው ነው።"

አንጁሎ አሁን ተቀመጠ። "እኔ ለሰው ሽንፈት መድቤ አላውቅም" አለ። ቶማም፣ ለተሸናፊው ሽንፈቱን ካልሰጠኸው የአሸናፊውን እየሰረቅህ ነው አለው። ስርቆት የሚለው ቃል ሲጠራ አንጁሎ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አለ። ሳይሰናበት ወጣ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሁለቱም ሰፈር ደጅ ጠና። ጨዋታው ይደገም፣ እኔው ልዳኝ ነው ልመናው። ሁሉም ይስቁበታል። ወደ ኤርሳዶ ሱቅ ሲገባ ግን ቢላውን ከአፎቱ አውጥቶ አቡጀዲው ላይ አስቀመጠ። የማይገባ ነገር ከሰጠሁ ወይም ከከለከልሁ፣ ይህችን ወስደህ ከሱቅህ ደጃፍ ስቀላት፤ መንገደኛ ሁሉ ይሳቅባት አለው። ኤርሳዶ የአንጁሎ አባት የባዳቾ እጅ ያለሰለሰውን እጀታ አይቶ ሳቁ ቆመ። ተስማማ። ቶማም ተስማማ። ግራዝማችም ፈጥነው ተስማሙ፤ እሳቸው የተስማሙበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር።

አንጁሎን አስጠሩት። የሆነውን ጓዳ ሆኖ የሰማው ጸሐፊያቸው ማታውን ጠጅ ቤት አወራውና ሶዶ በሙሉ አወቀ። ሜዳው የማን እንደሆነ ጠየቁት፤ የእርስዎ ነው አለ። ዋንጫው የማን እንደሆነ ጠየቁት፤ የእርስዎ ነው አለ። እንግዲያስ በሬ ሲታረድ ለባለ በሬው ሻኛ ይመረጥለት የለም ወይ አሉት። ተንኮል እንዲህ ነው፤ የራስህን ወግ አንሥቶ በራስህ አንገት ላይ ያጠልቅልሃል። አንጁሎ እጅ ነሣ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

"ጌታዬ፣ በሬው ከታረደ በኋላ ባለቤት የለውም። ባለ መደብ ብቻ ነው ያለው።"

መስከረም ጠባ፤ ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጨዋታው ተደገመ። ከሁምቦ ቆላ በእግራቸው የወጡ ነበሩ፤ ከበዴሳ ከብታቸውን ሳይሸጡ ጥለው የመጡ ነበሩ። ግማሹ የመጣው ኳስ ሊያይ አይደለም፤ አንጁሎ ሲያፍር ሊያይ ነው። አገርነሽ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች።

ከዕረፍት በፊት ቦልቴ ጎል አገባ። ቦልቴ የዳሞታ አጥቂ ነው፤ የአንጁሎ የእህቱ ልጅም ነው። ላይ ሰፈር ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኸ። አንጁሎ ግን ነፍቶ እጁን አወዛወዘ። በእጅ ነው፣ አይቆጠርም። በእጅ መሆኑን ከእሱ በቀር ማንም አላየም። ላይ ሰፈር ተነሣበት፤ እህቱ ራሷ ከዳር ሆና በወላይትኛ፣ ከአንድ እናት ጡት መጥባታቸውን እንደምትጠራጠር ነገረችው። አንጁሎ ፊቱን ሳያዞር፣

"እጁን ያወቅሁት የዘመዴ እጅ ስለሆነ ነው" አለ።

ጮራዎች በሳቅ ወደቁ። ሳቃቸው ግን ዕድሜ አልነበረውም። ከዕረፍት በኋላ የእነሱ አጥቂ ዳሞታ ጎል አፍ ላይ ተንከባለለ፤ ታች ሰፈር በአንድ ድምፅ ሪጎሬ አለ። ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሡ። ከበሮው ቆመ። ሁሉም ያለፈውን ጨዋታ አስታወሰ፤ ያኔ የተከፋውን ሁሉ በሪጎሬ ነበር የሚያስደስተው። የሰውየው እጅ ያደገበት ሥራ ይህ ነው፤ ከዚህ ሲነሣ እዚያ መጨመር። አንጁሎ ወደ ወደቀው ልጅ ቀስ ብሎ ሄደና ጎንበስ አለ።

"ተነሥ ወንድሜ፤ ጭቃው ያሳምምሃል።"

ጨዋታው ቀጠለ። ሊያልቅ ሲል ቦልቴ ከቀኝ በኩል የተሻገረለትን ኳስ በግንባሩ መትቶ አገባ። የዚህን ጊዜ እጁ ሁለቱም ከጀርባው ነበር፤ አጎቱን ፈርቶ። አንጁሎ ነፋና ወደ መሀል ጠቆመ። ጩኸቱ ገና ሳይወጣ ግራዝማች ከዘራቸውን ይዘው ሜዳ ገቡ። እስኪ ንገረኝ፣ ማን ነበር አንድ ቃል የሚተነፍስ? የተማረው ዝም አለ። ባለ ሱቁ ዝም አለ። ግራዝማች አንጁሎ ፊት ቆመው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ሰርዝ አሉ።

አንጁሎ ፊሽካውን በመዳፉ ጨብጦ ሲይዝ አይቻለሁ። ፈርቶ ነበር። ጀግና አይፈራም የሚልህን አትስማው።

"ጌታዬ፣ የመደብሁትን አላነሣም" አለ።

ግራዝማች ወደ ኤርሳዶ ዞሩ። አንተ የቡድኑ አለቃ ነህ፣ ጥፋት እንደነበረው ተናገር አሉት። ኤርሳዶ ብድር የሚበደረው ከእሳቸው ነው፤ ሱቁ የቆመው በእሳቸው ቦታ ላይ ነው። ታች ሰፈር በሙሉ አፉን ያያል። ኤርሳዶ በእጁ ፊቱን ጠረገ።

"ጎል ነው" አለ። "አሳምሮ ነው ያገባብን፤ ምን ላድርግ።"

ከዚያም ያ ከገበያ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሳቁ ወጣ። ዝምታው ተሰበረ። ላይ ሰፈር ወደ ሜዳ ፈሰሰ፤ የታች ሰፈር ከበሮ፣ ማን እንደመታው ሳይታወቅ፣ ለዳሞታ ተመታ። አንጁሎን በትከሻቸው አነሡት። ቦልቴን አይደለም፤ ዳኛውን! ከላይ ሆኖ እንዳትጥሉኝ እያለ ይለምናል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይን ማለት ይሄ ነው እያለ ይጎርራል። አልነገርኩህም? ጉረኛ ነበር። ያን ዕለት ግን ጉራው አነሰው እንጂ አልበዛበትም። አገርነሽ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ታውለበልብ ነበር።

ዋንጫውን ግራዝማች ይዘውት ሄዱ። ሜዳውንም አጥረው ሽምብራ ዘሩበት። ይህን ደብቄ ደስ የሚል ታሪክ ብቻ ልነግርህ አልችልም። ሁለቱ ቡድኖች ከዚያ ወዲህ ገበያ በማይቆምበት ቀን የገበያው ሜዳ ላይ፣ በጎመን ቅጠልና በፍግ መካከል ተጫወቱ። ሁሉም ታረቀ ብዬም አልዋሽም፤ የላይ ሰፈር ቅቤ ወደ ታች ሰፈር የወረደው ቆይቶ ነው።

የጊፋታ ሳምንት ገባ። ላይ ሰፈር ማለዳ ተነሥቶ በሬውን ይዞ አንጁሎ ደጅ መጣ። አንጁሎ ተቀበላቸው፣ ግን ቢላውን አልሳለም። ያሸነፈ ሰው ቢያምነኝ ምን ይደንቃል አለ ለሚስቱ። ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ ገበያው መንገድ ነበር። ቆየ። ሰዎቹ በሬው ተቁነጠነጠ ብለው አጉረመረሙ። ያን ጊዜ ከመንገዱ እጥፋት አንድ ቀይ ሰንጋ ብቅ አለ፤ ገመዱን የያዘው ኤርሳዶ ነው፤ ከኋላው የታች ሰፈር ሰዎች ተከትለዋል። ለመስቀል ሊያርዱት የገዙት በሬ ነበር። ኤርሳዶ ከአጥሩ ሥር ሲደርስ ገመዱን ለአንጁሎ ዘረጋለት።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ሽንፈታችንን ሳታጎድል የሰጠኸን ሰው ነህ። ሥጋችንን አታጎድልብንም።"

አንጁሎ ገመዱን ተቀበለ። ዞር ብሎ አገርነሽን የመሳያውን ድንጋይ አምጪልኝ አላት፤ ድንጋዩ ግን ቀድሞ በእጇ ነበር።

የታች ሰፈር በሬ በታረደ ዕለት አንጁሎ መድቦ ጨረሰና ጀርባውን አዞረ። ኤርሳዶ ጠጠር ሲጠየቅ አልሰጠም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን በአየር ላይ እየዳበሰ ሄዶ አንዱን መደብ አነሣ።

አንተ ይህን የምታነብ፣ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ነገ ሜዳ ትሄዳለህ፤ ቡድንህም አንድ ቀን ይሸነፋል። ዳኛው ላይ የምትወረውረውን ድንጋይ ለማንሣት ስታጎነብስ እባክህ ድንጋዩን እዚያው ተወው፤ የሽንፈትህን መደብ አንሣና ቤትህ ግባ።